የቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካዊ ገበሬን የዘር ሐረግ ስትፈልጉ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ባለቤቴ ቨርጂኒያ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ልጆቼ የኔን ወገን እስከ ሰባት ቤት በቃላቸው ይቆጥራሉ፣ አባቴ ቁጭ አድርጎ ስላስጠናቸው። የአባታቸውን ወገን ደሞ አማቴ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ወረቀት አስረክባኝ "እስቲ አንቺ ሞክሪው፣ እኔ ዓይኔ ደከመ" አለችኝ። ይኸው አራት ዓመቴ። ፍለጋው ያደረሰኝ ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ ላውደን ካውንቲ (ካውንቲ እንደኛ ወረዳ ማለት ነው) በሚባለው አካባቢ በ1700ዎቹ መሀል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ትምባሆ ይተክል የነበረ አንድ ገበሬ ጋ ነው፣ ጄኔራል አይደለም ሎርድ አይደለም፣ ገበሬ። ትዳር ወይም ልጅ አገናኝቷችሁ እንደኔ እዚህ ፍለጋ ውስጥ ለገባችሁ፣ ጊዜዬን የበሉትንና ሌሎች ሲሠሯቸው ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ከላይ መጀመር ነው። ካርቶኑ ውስጥ አንበሳና ጋሻ ያለበት ባለቀለም አርማ ነበር፣ "የቤተሰባችን አርማ" የሚል። በእንግሊዝ ሕግ አርማ የሚሰጠው ለሰው ነው፣ ከሱ ለሚወለዱት ይተላለፋል እንጂ ስሙን ለያዘ ሁሉ አይደለም፣ ስለዚህ ያ ወረቀት ምንም አያሳይም። "ሦስት ወንድማማቾች በመርከብ መጡ፣ አንዱ ሰሜን አንዱ ደቡብ አንዱ ምዕራብ ሄደ" የሚለውም ተረት ስንት ቤተሰብ ውስጥ አለ መሰላችሁ፣ "ስማችንን ኤሊስ አይላንድ ላይ ቀየሩብን" የሚለውም እንደዛው፣ ኒው ዮርክ የነበረው የስደተኛ መቀበያ ኤሊስ አይላንድ የተከፈተው በ1892 ስለሆነ የ1740ን ገበሬ በምንም አይመለከተውም። መነሻችሁ በሕይወት ያለው ሰው ይሁን። ከሱ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ አያቱ፣ እያንዳንዱ ልጅና አባት መሀል አንድ ወረቀት እያስቀመጣችሁ ውጡ። ኢንተርኔት ላይ ያለ ሌላ ሰው የሠራው የዘር ሐረግ ዛፍ ጥቆማ ነው፣ ማስረጃ አይደለም፣ ሃምሳ ሰው ኮፒ ያደረገው አንድ ስህተት ያው አንድ ስህተት ነው።

ሌላው የሌለ ወረቀት መፈለግ ነው። የልደት ሰርተፊኬት ፍለጋ ሳምንታት ፈጅቻለሁ፣ ቨርጂኒያ ልደትና ሞት በስቴት ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው ግን በ1853 ነው። የመጀመሪያው የአገሪቱ ቆጠራ የ1790ው ነው፣ እሱም የቤቱን አባወራ ስም ብቻ ነው የሚጽፈው፣ የቨርጂኒያው ደሞ ጠፍቷል፣ ነፃ የሆነ ሰው በሙሉ በስሙ የተቆጠረው ገና በ1850 ነው። ታዲያ ገበሬው የት ተጻፈ ካላችሁ፣ የመሬት ውል ላይ፣ ኑዛዜ ላይ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ፣ የግብር ዝርዝር ላይ፣ የቤተክርስቲያን ደብተር ላይ ነው። በቃ እነዚህ ናቸው።

ስም ማመን ደሞ ከሁሉም በላይ የሚያጠፋ ነው። እኛ የአባት ስም እየያዝን ስለምንሄድ የነሱ የቤተሰብ ስም ሳይቀየር ሲወርድ ስናይ ሥራው ያለቀ ይመስለናል፣ ግን አንድ ካውንቲ ውስጥ በአንድ ዘመን አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሦስት አራት ሰዎች መኖራቸው የተለመደ ነው። "ሲኒየር" እና "ጁኒየር" የሚለውም በዛን ጊዜ የግድ አባትና ልጅ ማለት አልነበረም፣ በአንድ ሰፈር ስማቸው አንድ ከሆነ ሰዎች ትልቁና ትንሹ ማለት ነው፣ አጎትና የወንድም ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ጭራሽ ዘመድ ላይሆኑም ይችላሉ፣ ትልቁ ሲሞት ጁኒየር የነበረው ሲኒየር ይሆናል። እኔ የባለቤቴን ዘር ስሙ አንድ ከሆነ ሌላ ሰው ጋር አያይዤ ስምንት ወር ሄጃለሁ። አማቴ ደስ ብሏት ለእህቷ ሁሉ ደውላ ነበር፣ ተሳስቻለሁ ብዬ ስነግራት ፊቷን ማየት ከብዶኝ ነበር። ስፔሊንግም እንደዛው ነው፣ ጸሐፊው የሰማውን ነው የሚጽፈው፣ ጀርመን የሆነው ሙለር ሚለር ይሆናል፣ ዚመርማን ተተርጉሞ ካርፔንተር ይሆናል። ፖሊ ያላችኋት ሜሪ ናት፣ ፓትሲ ማርታ ናት፣ ፔጊ ማርጋሬት።

አሁን ካውንቲ። ሰውየው ከቦታው ሳይነቃነቅ ካውንቲው ይነቃነቃል። ዛሬ ላውደን ውስጥ ባለችው ሊዝበርግ አጠገብ በ1728 የተወለደ ሰው የተወለደው ስታፎርድ ካውንቲ ነው፣ በ1731 ያው እርሻ ፕሪንስ ዊልያም ሆነ፣ በ1742 ፌርፋክስ ሆነ፣ በ1757 ላውደን። አራት ካውንቲ፣ አንድ ማሳ። መዝገቡ ደሞ ብዙ ጊዜ የሚቀረው በዛን ጊዜ በነበረው ካውንቲ ፍርድ ቤት (ኮርት ሀውስ) ነው እንጂ አዲሱን ተከትሎ አይሄድም። ሜሪላንድም ያው ነው፣ ሐበሻው የሞላበት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንትጎመሪ በ1776 ከፍሬድሪክ የወጣ ነው፣ ፍሬድሪክ ራሱ በ1748 ነው የተፈጠረው፣ ከዛ በፊት የነበረውን ፕሪንስ ጆርጅስ ነው የምትፈልጉት። ስለዚህ ፍለጋ ሳትጀምሩ ዓመቱን ያዙና "በዚህ ዓመት ይሄ መሬት የየትኛው ካውንቲ ነበር" ብላችሁ ጠይቁ። መዝገቡ ተቃጥሏል ሲባልም ቶሎ አትተዉ። የሃኖቨር ካውንቲ መዝገብ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለጥንቃቄ ተብሎ ወደ ሪችመንድ ተልኮ በ1865 እዛው አብዛኛው ተቃጥሏል፣ የላውደን ግን በዛው ጦርነት ጸሐፊው ጭኖ ስላሸሸው ተርፏል። የተቃጠለበትም ቢሆን የመጀመሪያው የመሬት ስጦታ የሚመዘገበው ካውንቲ ላይ ስላልነበረ ሪችመንድ ላይብረሪ ኦፍ ቨርጂኒያ ውስጥ አለ፣ በኦንላይንም በነፃ ይታያል።

የቀን ነገር ላይ እኛ ሁለት ካላንደር ይዘን ያደግን ሰዎች ብልጫ አለን፣ ግን አለማወቅ ያሳስታል። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ በጁልያን ካላንደር ነበር የሚሄዱት፣ አዲስ ዓመታቸውም የሚገባው ማርች 25 ነበር፣ ገብርኤል ለእመቤታችን ያበሰረበት ቀን፣ ማለትም የኛው መጋቢት 29፣ በጁልያን ሲቆጠር ቀኑ ልክ ይገጥማል። ስለዚህ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ እንዲሁም ማርች እስከ 24 ያለፈው ዓመት ላይ ነው የሚደመሩት። እኔ ምን ገጠመኝ፣ አንድ ልጅ በቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ኖቬምበር 1740 ተወለደ ይላል፣ የአባቱ ኑዛዜ ደሞ ፌብሩዋሪ 1740 ተጽፎ ልጁን በስሙ ይጠራዋል፣ ገና ያልተወለደ ልጅ እንዴት በስሙ ይወርሳል ብዬ ሌላ ልጅ ነው፣ ቀድሞ የሞተ ታላቅ አለ ብዬ ደምድሜ ነበር። ለካ ያ ፌብሩዋሪ በዛሬው አቆጣጠር 1741 ነው፣ ልጁ የሦስት ወር ሕፃን ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ ሲወለድ የተጻፈው ፌብሩዋሪ 11፣ 1731 ነው፣ ዛሬ የምናውቀው ፌብሩዋሪ 22፣ 1732 ነው። በ1752 ደሞ ሴፕቴምበር 2 ባለ ማግስት 14 ሆነ፣ 11 ቀን ተዘለለ። ላውደን ውስጥ ወተርፎርድ አካባቢ የሰፈሩት ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ወሮችን በቁጥር ነው የሚጠሩት፣ ከ1752 በፊት "አንደኛ ወር" ካሉ ማርች ማለታቸው ነው። ያያችሁትን ቀን እንዳለ ጻፉት፣ የራሳችሁን ማስተካከያ አጠገቡ ለብቻ አስቀምጡ።

የዝምድና ቃላትን በዛሬ ትርጉማቸው መውሰድም አለ። "ከዝን" የወንድም ልጅም የእህት ልጅም ሊሆን ይችላል፣ እኛ የአክስት ልጅን ወንድሜ እንደምንለው። "ሳን ኢን ሎው" ዛሬ የሴት ልጅ ባል ነው፣ ያኔ ግን አንዳንዴ የእንጀራ ልጅ ነው። "ኦርፋን" እናቱ በሕይወት እያለች አባቱ የሞተበት ነው፣ በኛ የሙት ልጅ እንደሚባለው። "ኢንፋንት" ሲል ጡት የሚጠባ ብቻ አይደለም፣ 21 ዓመት ያልሞላው ሁሉ ነው። "ማይ ናው ዋይፍ" (አሁን ያለችው ሚስቴ) የሚለውን አይቼ በፊት ሌላ ሚስት ነበረችው ብዬ ጽፌ ነበር፣ አይደለም፣ የሕግ አነጋገር ነው፣ ውርሱ አሁን ላለችው ሚስት እንጂ በኋላ ለሚያገባት እንዳይሆን ነው።

ኑዛዜ ላይ ስሙ የሌለ ልጅ ልጁ አይደለም ብሎ መሰረዝ ትልቅ ስህተት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በ1785 የወጣው ሕግ እስኪለውጠው ድረስ ሰው ሳይናዘዝ ከሞተ መሬቱ በሙሉ ለበኩር ወንድ ልጅ ነበር። አባት ለትልቁ በሕይወቱ መሬት ሰጥቶት ከሆነ ኑዛዜው ላይ ላያነሳው ይችላል፣ ወይም አንድ ሽልንግ ብቻ ይተውለታል፣ ይሄን አይተው "ተጣልተው ነው" የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ድርሻውን ቀድሞ ወስዶም ሊሆን ይችላል።

እና ዋናው ስህተት፣ ስሙን እየተከተሉ መሬቱን መተው። አገር ቤት ርስት ስንጠይቅ እንዴት ነበር፣ ማን ከማን ተወለደ የሚለው የሚፈታው መሬቱ ከማን ለማን ወረደ በሚለው ነው፣ አጽመ ርስት ማለት ይኸው ነው። እዚህም ያው ነው። ሰውየው መሬት እንዴት አገኘ፣ እንዴት ለቀቀ፣ ሁለቱን ካላገናኛችሁ አላወቃችሁትም። የኛ ገበሬ በ1768 አንድ 114 ኤከር መሬት ሸጠ፣ የገዛበት ውል ግን የትም የለም። ካልገዛው ወርሶታል ማለት ነው ብዬ በስሙ የተመዘገበ የአባት መሬት ስፈልግ ምንም የለም። ከዛ ስሙን ትቼ ድንበሩን ያዝኩ። የዛን ጊዜ ውል መሬቱን የሚገልጸው ከዛፍ ዛፍ ነው፣ ከጅረቱ ዳር ካለው ቀይ ኦክ ተነስቶ በዚህ አቅጣጫ ይህን ያህል ፖል፣ ከዛ የድንጋይ ክምር፣ ከዛ የእገሌ ድንበር፣ አገር ቤት ውል ላይ አዋሳኝ እንደሚጻፈው። አንድ ፖል 5 ሜትር ገደማ ነው፣ 160 ካሬ ፖል አንድ ኤከር ነው። ልጄ ፕሮትራክተሩን አውሶኝ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በካሬ ወረቀት ሳልኩት። አንድ ጎኑ የተሰበረ ጫማ ይመስላል። በሰሜን ቨርጂኒያ መሬት የሚሰጠው የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ሳይሆን የሎርድ ፌርፋክስ ቢሮ ስለነበረ ኖርዘርን ኔክ የሚባለውን የሱን ግዛት መዝገብ አንድ በአንድ ሳይ ያ ጫማ የመሰለ ጎን በ1730ዎቹ ለሌላ ሰው፣ ስሙም ጭራሽ ለማይገናኝ ሰው ተሰጥቶ አገኘሁት። የገበሬው አማት፣ የሚስቱ አባት ነበር። ወደ 1768ቱ ውል ተመልሼ ሳነበው ሚስትየዋ እንደ ሻጭ ከፊት ተጽፋለች፣ ዳኞችም ከባሏ ለይተው በፈቃድሽ ነው ወይ ብለው ጠይቀዋታል። መሬቱ የሷ ነበር። እኔ ደግሜ ደጋግሜ ያነበብኩት ወረቀት ላይ የባሏን ስም ብቻ ነበር የማየው፣ እናም የሷን አባት ያገኘነው በቀይ ኦክ ዛፍ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር፣ ኢንዴክስ (የስም ማውጫ) ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ኢንዴክሱ ብዙ ጊዜ ሻጭና ገዢን ነው የሚያወጣው፣ ምስክሮችንና አዋሳኞችን ይተዋል፣ የሰውየው ወንድሞችና አማቾች ደሞ ያሉት እዛ ነው። ፋሚሊሰርች የሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ነው፣ አሁን በሙሉ ጽሑፍ መፈለጊያ አለው፣ የእጅ ጽሑፉን ማሽን አንብቦት ምስክሩን ሁሉ ያወጣላችኋል፣ ግን ይሳሳታል፣ የድሮው ረጅም "ኤስ" "ኤፍ" ስለሚመስል ሁለቱንም አድርጋችሁ ሞክሩ። አጭር ተደርጎ የታተመ ኑዛዜ ካገኛችሁም ሙሉውን ሳታዩ አትለፉ። መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ የጸሐፊው እጅ ነው፣ ገልብጦ ነው የሚያስገባው፣ "የእሱ ምልክት" ብሎ ግን የምልክቱን ቅርጽ ይስለዋል፣ ሁለት ስመ ሞክሼዎችን አንዳንዴ የሚለየው እሱ ነው።

ዲኤንኤ ሁሉን ይፈታል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ስምንት ትውልድ ወደ ላይ 256 ሰው አለ፣ ከአንዳንዶቹ ምንም የተረፈ ዲኤንኤ ላይኖር ይችላል። አዲስ የተቀረጸ የመቃብር ድንጋይም እንደ ጥንት ማስረጃ አይቆጠርም፣ የድሮ ገበሬ መቃብር ላይ ብዙ ጊዜ ስም የሌለው የሜዳ ድንጋይ ነበር የሚደረገው።

የመጨረሻው፣ ማለፍ የማይገባው ገጽ። የገበሬው አባት ሲሞት ጎረቤቶች ንብረቱን ቆጥረው ዋጋ ገመቱ፣ አንድ አሮጌ የላባ ፍራሽ፣ ሁለት የብረት ድስት፣ ሦስት መኮትኮቻ፣ አንዲት ፈረስ፣ እና በፈረሷና በድስቱ መሀል አንዲት ሴትና ልጇ፣ በመጀመሪያ ስማቸው ብቻ፣ ፊት ለፊታቸው ፓውንድና ሽልንግ። እኔ መጀመሪያ ሳየው የምፈልገው የገበሬውን ስለነበረ ገጹን ገለበጥኩት። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቼ የራሳቸውን ዘር ሲፈልጉ የ1870 ቆጠራ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ አብዛኞቹ በሙሉ ስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጠሩት እዛ ላይ ስለሆነ፣ ከዛ በፊት ያለው ስማቸው ያለው እንደዚህ ዓይነት ገበሬ ካርቶን ውስጥ ነው። ለአማቴ አሳየኋት፣ ረጅም ጊዜ ዝም አለችና "ይሄን ለብቻው ጻፊልኝ" አለችኝ። ስለዚህ ስታገኙ ስሙን፣ ዕድሜ ካለ ዕድሜውን፣ የተገመተውን ዋጋ፣ በኑዛዜው ለየትኛው ልጅ እንደተላለፉ፣ ያ ልጅ በኋላ የት ካውንቲ እንደሄደ፣ የመጽሐፉን ቁጥርና ገጹን ጻፉና ሌላ ሰው ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ አስቀምጡት። የኛዋ ሴትና ልጇ ለሁለተኛው ወንድ ልጅ ነው የተሰጡት፣ እሱ ደሞ በኋላ ከላውደን ወጥቷል፣ የሄደበትን ካውንቲ የግብር ዝርዝር እያየሁ ነው።