የችግኝ አፈር ስታወዳድሩ እነዚህን አታድርጉ

ሰው አራት ዓይነት አፈር ቀላቅሎ፣ ቲማቲም ዘርቶ፣ ወር ሙሉ ውሃ ሲያጠጣ ከርሞ ውጤቱ ምንም ሳይነግረው ሲቀር ያሳዝነኛል። ድካሙ እውነተኛ ነው። የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ያው አንድ ነገር ነው፤ አቀማመጡ።

አንዱን የአፈር ዓይነት የያዙትን የችግኝ ከረጢቶች በሙሉ ግድግዳ ሥር ይደረድራሉ፣ ሌላውን በሙሉ በር አጠገብ። ከዚያ «ፍግ ያለበት አሸነፈ» ይሉኛል። ሄጄ ሳይ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ያ መስመር ብቻ ነው! ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ከቆርቆሮ ጠርዝ ሥር ያለውን ጠብታ ይመታዋል። ዳር ያለውን ነፋስ ያደርቀዋል። ታዲያ ያሸነፈው አፈሩ ነው ወይስ ቦታው? ማንም አያውቅም። እባካችሁ ከረጢቶቹን ቁጥር ስጧቸውና ቦታቸውን በዕጣ ለዩ። ከየዓይነቱ ቢያንስ 10 ይሁን። በየ3 ቀኑም ቦታ አቀያይሯቸው።

ይህን የተማርኩት ሰው ጎድቼ ነው። ሰጋቱራ የቀላቀልኩበት ጎመን አምሮብኝ ለአንዲት ጎረቤቴ «እሱን ተጠቀሚ» አልኳት። አምናኝ 60 ከረጢት ሞላች። ሰጋቱራውንም ከእኔ አብዝታ ነበር የጨመረችው። በሦስተኛው ሳምንት ችግኞቿ ከታችኛው ቅጠል ጀምረው ቢጫ ሆኑ። ያልበሰበሰ ሰጋቱራ ሲበሰብስ ናይትሮጅን የሚባለውን የተክል ምግብ ከችግኙ ይሻማል። የእኔው ጥቂት ስለነበረበትና ጥሩ ፀሐይ ስላገኘ ችግሩ አልታየኝም። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ማወዳደሪያ የሌለው ሙከራም አለ። የለመዳችሁትን አፈር ሁሌም ከጎን አስቀምጡ፤ ለምሳሌ 3 እጅ የግቢ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ብስባሹንም አሸዋውንም ባንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ስትሰፍሩ ደግሞ በአንድ ጣሳ ስፈሩ፣ በአካፋ ግምት አይሆንም።

ትኩስ ፍግ አትጨምሩ። ክምሩ ውስጥ እጃችሁን ስትከቱ ከሞቀ፣ ወይም ሽታው አፍንጫ ከቆረጠ፣ ገና ነው።

ውሃ ላይም ብዙዎች ይሳሳታሉ። ለሁሉም እኩል ማጠጣት ፍትሐዊ ይመስላል። ግን አሸዋ የበዛበት ቶሎ ይደርቃል፣ ጥቁር መረሬ የበዛበት ደግሞ ውሃ ያቁራል። መረሬው ላይ የችግኙ ግንድ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ይቀጥንና ይወድቃል፤ እናንተም «አፈሩ መጥፎ ነው» ትላላችሁ። ከረጢቱን በእጃችሁ አንሡት። ሲቀል አጠጡ፣ ምን ያህል እንዳጠጣችሁም ጻፉ። የትኛው አፈር ስንት ውሃ እንደጠየቀ ራሱ ውጤት ነው።

ቁመት ብቻ አትለኩ። ጥላ ያለበት ቲማቲምም ይረዝማል፤ ግን ቀጭን ነው፣ ነፋስ ሲነካው ይጎብጣል። የግንዱን ውፍረት እዩ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች ቀጥለው የመጡትን ቁጠሩ። መጨረሻ ላይ ከየዓይነቱ ሁለት ሦስቱን ሥራቸውን በውሃ አጥባችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጓቸው። ጥሩ አፈር ውስጥ ያደገ ሥር እንደ ጢም ደቃቅ ቅርንጫፍ የበዛበት ነው። የታፈነው ግን ሁለት ሦስት ወፍራም ክር ብቻ ይኖረዋል።

የከረጢቶቹን ቁጥር በእርሳስ ጻፉ፣ የእስክሪብቶ ቀለም በውሃና በፀሐይ ይጠፋል።

ችግኙ ለተከላ ሲደርስ ሙከራው አለቀ አትበሉ። ቲማቲም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ከየዓይነቱ አምስት አምስቱን መደብ ላይ ትከሉና ሌላ 2 ሳምንት ጠብቁ። ከረጢት ውስጥ ያማረ ችግኝ፣ አፈሩ እንደ ጡብ ደርቆበት፣ ሥሩ ከዚያ ሳይወጣ ሲጠወልግ አይቻለሁ። አጠገቡ ያለው አጭሩ ደግሞ በሳምንቱ አዲስ ቅጠል አወጣ።