ሳይታደስ የሚሸጥ ፔጆ 404

በሐረር ፈረስ መጋላና ሸዋ በር፣ በድሬዳዋም ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ለአሥርት ዓመታት ሰውና ዕቃ ሲያመላልሱ ከኖሩት ፔጆ 404 ታክሲዎች ብዙዎቹ ዛሬ በየግቢው ጥግ፣ ከሸራ ወይም ከቆርቆሮ ጥላ ስር ቆመዋል። ባለቤቶቻቸው ሊያድሷቸው ያስባሉ፤ ገንዘቡና ጊዜው ሳይገጥም ዓመታት ያልፋሉ፤ በመጨረሻም ለመሸጥ ይወስናሉ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእነዚህ ባለቤቶች ነው። አቋሜን ከመነሻው ልግለጽ፤ እድሳት የሚሻ መኪና ሳይታደስና ጉድለቱ ሳይሸፋፈን ቢሸጥ ይሻላል። «ቀለም ይቀባና ይሸጣል» የሚለው የተለመደ ምክር ሻጩን ሁለት ጊዜ ያከስረዋል።

ይህን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። አጎቴ ለብዙ ዓመታት የሠሩባትን ፔጆ ለመሸጥ በተነሣን ጊዜ፣ የበሮቹን ስር የበላውን ዝገት በስቱኮ ሞልተን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም አስቀባናት። የመጀመሪያው ገዢ ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አውጥቶ በበሮቹ ስር እያስጠጋ ሄደ፤ ስቱኮ ባለበት ቦታ ሁሉ ማግኔቱ አልይዝ አለ። «አቦ፣ እዚህ ስር ያለው ብረት ነው ወይስ ኖራ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተሩ የነገርነውን እውነት እንኳ አላመነንም። በመጨረሻ የተሸጠችው ከመቀባቷ በፊት አንድ ጎረቤት ከሰጠን ዋጋ በታች ሲሆን፣ የቀለሙ ወጪም በእኛው ላይ ቀረ። ገዢ የሚያየውን ጉድለት ይተምነዋል፤ የተደበቀበት የመሰለውን ግን መተመን ስለማይችል ከልክ በላይ ይቀንሳል።

ስለዚህ ከማስታወቂያው በፊት ሻጩ የያዘውን ዕቃ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። ፔጆ 404 ለገበያ የቀረበው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ የቦዲው ንድፍ የጣሊያኑ የፒኒንፋሪና ቤት ሥራ ሲሆን፣ በፈረንሳይ የቤት መኪናው ምርት እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ቀጥሏል። በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር ያሸነፈው ይኸው ሞዴል መሆኑ ለታክሲ ነጂ ብዙም ትርጉም ላይኖረው ይችላል፤ አሮጌ መኪና ለሚሰበስብ ሰው ግን ቀላል ነገር አይደለምና በማስታወቂያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል። ሞተሩ ቤንዚን ነው ወይስ ናፍጣ፣ የቤንዚኑ ከሆነስ የፋብሪካው 1618 ሲሲ ነው ወይስ ከሌላ መኪና የተገጠመ የሚለው በግልጽ ይጻፍ። በመሪው ግንድ ላይ ያለው የማርሽ ዘንግ ወደ ወለል ተዛውሮ ከሆነም አይደበቅ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊወሰድበት የሚገባው ዝገቱ ነው። የቤት መኪናው 404 እንደ ጭነት መኪና ቦዲውን የሚሸከም የተለየ ሻንሲ የለውም፤ ወለሉ፣ የበሮቹ ስር ማዕዘንና የፊት ላሜራው እርስ በርስ ተበይደው ክብደቱን በጋራ ይሸከማሉ። የፓራፋንጎ ዝገት መልክን ሲያበላሽ፣ የወለልና የበር ስር ዝገት ግን መኪናው ክብደቱን እንዳይሸከም ያደርገዋል ማለት ነው። ምንጣፉን ያንሱ፣ ወለሉን በጠመንጃ መፍቻ እጀታ ቀስ እያሉ ያንኳኩ፤ ደረቅ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ በጠመኔ ያክቡና ፎቶ ያንሡት። የድሬዳዋ ደረቅ አየር ለቦዲ የሚስማማ ቢሆንም፣ ከሸራ ስር የሚቀር እርጥበት ግን ላሜራ ይበላል፤ ክረምቱ በሚበረታባት ሐረር ደግሞ ይህ ይብሳል። መኪናው በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ ውስጥ የነበረ ከሆነ ይነገር። ደለሉ ከበሮቹ ውስጠኛ ክፍልና ከወንበሮቹ ስር ፈጽሞ አይጠፋምና ልምድ ያለው ገዢ በጣቱ ዳብሶ ያገኘዋል።

ሞተሩን በተመለከተ አይደንግጡ። ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያህል ተጋድሞ የተቀመጠው የቤንዚን ሞተር ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው የሲሊንደር ሽፋኖች ተነቅለው በአዲስ የሚተኩ በመሆናቸው፣ ዘይት የሚበላ ሞተር የሞተ ሞተር አይደለም። ሆኖም ለረጅም ጊዜ የቆመን ሞተር በአዲስ ባትሪ በድንገት ለማስነሣት መሞከር ስሕተት ነው። በቅድሚያ ካንዴላዎቹ ይፈቱ፤ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ይጨመር፤ አድሮ ሞተሩ በእጅ ይዙር። በሳልባትዮው ውስጥ ተበላሽቶ የቀረው ነዳጅም ይፍሰስ። የማይዞር ከሆነ አያስገድዱት፤ «ሞተሩ ተይዟል» ብሎ መጻፍ ፒስተን ከመስበር በብዙ ይረክሳል። የራዲያተሩ ፋን በፋብሪካው አሠራር ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ በኤሌክትሮማግኔት የሚያያዝ ነው፤ በቋሚነት ታስሮ ከሆነ ይገለጽ። የኋላው ዲፈረንሲያል እንደ ብሎን በተጠማዘዘ የትል ጥርስና በነሐስ ጥርስ የሚሠራ ስለሆነ፣ ከዘይቱ ጥቂት ቀድተው በነጭ ጨርቅ ላይ ይዩት፤ ወርቃማ ብናኝ የሚታይ ከሆነ ጥርሱ እያለቀ ነው።

መታጠብ አለባት፤ ውስጧም ይጠረግ። ከዚህ የዘለለ ማስዋብ አያስፈልግም። ይልቅ የቀረውን ገንዘብና ጉልበት የወለቁ ዕቃዎችን በማሰባሰብ ያውሉት። የፋብሪካው የቸርኬ ክዳን፣ የኋላ መብራት መስተዋት፣ የበር እጀታ፣ የዳሽ ቦርድ ሰዓትና ፓራውልት በየጋራዡና በየዘመድ ቤት ተበትነው ይገኛሉ፤ ሁሉም በካርቶን ተሰብስበው ከመኪናው ጋር ቢቀርቡ የሚጨምሩት ዋጋ ከአዲስ ቀለም ይበልጣል። የተሰነጠቀ እንኳ ቢሆን አይጣል፤ አዳሽ ለናሙና ይፈልገዋል።

ዋጋን ለመወሰን ገዢው ማን እንደሆነ መገመት ይቀድማል። አንዱ ሠርታ እንድታገለግለው የሚፈልግ ነጂ፣ ሌላው ለራሱ ፔጆ መለዋወጫ የሚያድን፣ ሦስተኛው ለትዝታ ወይም ለስብስብ የሚይዛት፣ የመጨረሻው የብረት ነጋዴ ነው። መኪናዋ ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ ስለምትመዝን፣ የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ከዚያ በታች የማይወረድበት ወለል ይሆናል። ላይኛው ጣሪያ ደግሞ በከተማው የምትሠራ ተመሳሳይ ፔጆ ከምታወጣው ላይ፣ ላሜራ ሠሪና መካኒክ በየፊናቸው የገመቱትን የጥገና ወጪ ቀንሶ የሚገኘው ነው። ከዚያም ላይ ገዢው ለሚጠብቀው ድካም ጥቂት መተው ተገቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ የጣለው ከባድ ታክስ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ በአገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ዋጋ ያስጠበቀ ይመስለኛል። ቢሆንም በዚህ ተመክቶ ለማትንቀሳቀስ መኪና የምትንቀሳቀስን ዋጋ መጥራት ገዢን ከማባረር በቀር አይጠቅምም።

ሽያጩ ከዝገት ይልቅ የሚሰናከለው በወረቀት ነው። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ይታይ፤ በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በኮፈኑ ስር ካለው ሰሌዳና ከሞተሩ ላይ ከተመታው ጋር ይነጻጸር። ሞተሩ በአንድ ወቅት ተቀይሮ ቁጥሩ ያልተስተካከለ ከሆነ፣ ይህን የመኪና ምዝገባ ክፍሉ ዘንድ ቀርቦ ማስተካከል የሻጩ ሥራ ነው። ባለ ሊብሬው በሕይወት ከሌለ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይወጣል፤ ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ ሁሉም ይፈርማሉ፣ ወይም ለአንዱ ውክልና ይሰጣሉ። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ይያዝ። መኪናው ኮድ 1 ታርጋ ያለው ታክሲ ከነበረ ከታክሲ ሥራው የቀረ የግብር ዕዳ መኖር አለመኖሩ ይጣራ፤ ለዓመታት ሳይታደስ የቀረውን ቦሎ ማን እንደሚከፍልም ከዋጋው ጋር አብሮ ይወሰን። በአገራችን በተለመደው «በውክልና ሽያጭ» ብቻ መኪናን አስረክቦ ስም ሳያዛውሩ መቅረት ግን እጅግ አደገኛ ነው፤ መኪናው ነገ አደጋ ቢያደርስ መዝገቡ የሚጠራው የሻጩን ስም ነው።

ፎቶዎቹ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይነሡ፤ ከአራቱም ማዕዘን፣ ከስር፣ ከውስጥ፣ ከኮፈኑ ስር፣ በጠመኔ የተከበበው ዝገትም ሳይቀር። ደላላ ከተያዘ የኮሚሽኑ መጠንና የሚከፍለው ወገን ከመነሻው ይታወቅ፤ ጉድለቶቹም በጽሑፍ ይሰጡት፤ አለበለዚያ ለእያንዳንዱ ገዢ የተለያየ ታሪክ ይነግራል።

ገዢ ሲመጣ ሞተሩ የቀዘቀዘ ይሁን። አስቀድሞ ሞቆ የሚጠብቅ ሞተር ጥርጣሬን ይጠራል። መኪናዋ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ደንገጎን ትወጣለች?» የሚል ነው። 1,200 ሜትር ግድም ላይ ካለችው ድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ 1,900 ሜትር የምትጠጋውን ሐረር ለመድረስ የሚወጣው ይህ ዳገት የፍሪሲዮንን፣ የራዲያተርንና የጉርኒሲዮንን ልክ ያወጣል። ፍሬኗ ያልተረጋገጠ መኪና ግን በፍጹም ወደዚያ አይውጣ፤ መውጣቱ ቢሳካ መውረዱ አለ። ስለ ዋጋም በጠዋት ተነጋገሩ። በርጫ ላይ፣ ምርቃናው ሲደምቅ የተጠራ ገንዘብ በማግስቱ ረፋድ ላይ ባለቤት ሲያጣ ብዙ ጊዜ ታይቷል።

ውሉ ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት ይፈረም። «መኪናው ባለበት ሁኔታ ተሽጧል» የሚል አንቀጽ ብቻውን አይበቃም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉድለትን እያወቀ ሆን ብሎ የደበቀ ሻጭ እንዲህ ያለ አንቀጽ አያድነውም። ስለዚህ የሚታወቁት ጉድለቶች አንድ በአንድ ተዘርዝረው የውሉ አባሪ ይሁኑ፤ ገዢውም በዝርዝሩ ላይ ይፈርም። ክፍያው በባንክ ይተላለፍ፣ ገንዘቡ መግባቱ ሳይረጋገጥም ቁልፍ አይሰጥ። የርክክቡ ቀንና ሰዓት በውሉ ላይ ይጻፍ።

መኪናዋ በሌላ ተጭና የምትሄድ ከሆነ የማስጫኛውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ቀድማችሁ ተስማሙ፤ የጎማዎቹ ነፋስም በዋዜማው ይሞላ። የዕቃዎቹ ካርቶን ተቆጥሮ ይሰጥ። ከመጫኗ በፊት ደግሞ ከወንበሮቹ ስርና ከዳሽ ቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ይፈትሹ። እኛ የአጎቴን የመንጃ ፈቃድ ያገኘነው ገዢው ከሦስት ቀን በኋላ መልሶልን ነው።