የካንሰር ተመራማሪን ሥራ ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ ደብረ ብርሃን የማስተርስ ተማሪ አማካሪ ሲመርጥም ሆነ ሰው ለማዕረግ እድገት ሲታይ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንከፍተው የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ የሆነውን ጎግል ስኮላርን ነው። የፐብሊኬሽን ብዛት፣ ሳይቴሽን (ሌሎች ጽሑፎች የጠቀሱት ብዛት)፣ ከታች የማብራራው ኤች-ኢንዴክስ፤ በቃ። የካንሰር ምርምር ግን በዚህ ብቻ ሊታለፍ አይገባም። ከመንዝና ከመርሐቤቴ ሕክምና ፍለጋ የሚመጣው ሕመምተኛ ነገ የሚታከመው ዛሬ በምናምነው ጥናት ነው።

ስም በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ “ብዙም አልጻፈችም” ማለት

ለእኔ የእኛ አገር ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የውጭ ጆርናሎች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዱታል። ስለዚህ እኛ ዶክተር ጸሐይ የምንላት በአባቷ ወይም በአያቷ ስም ትመዘገባለች። ጸሐይ የሚለው ስም ራሱ በላቲን ሲጻፍ አንዱ ጽሑፍ ላይ በ“ቲ”፣ ሌላው ላይ በ“ኤስ” ይጀምራል። አባቷ ኃይለ ማርያም ከሆኑና ስሙ ተነጣጥሎ ከተጻፈ ደግሞ የምትገኘው “ማርያም” ሥር ነው! የከተማችን ስምም ከዚህ አላመለጠም። “ብርሃን” የሚለው በእንግሊዝኛ አንዳንዱ ጽሑፍ ላይ በ“ኢ” ፊደል፣ አንዳንዱ ላይ በ“አይ” ይጻፋል። በዩኒቨርሲቲው ስም የሚፈልግ ሰው በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ከፈለገ የቀረው ሥራ አይታየውም።

ተቃራኒውም አለ። የስም ሞክሼ ጽሑፍ አንድ ፕሮፋይል ውስጥ ይገባና ሰውየው ባልሠራው ሥራ ይመሰገናል። መፍትሔው ኦርኪድ የሚባለው ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ በነፃ ነው። ወጣት መምህራን የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ከመላካቸው በፊት ቢያወጡት፣ ስማቸውንም እስከ መጨረሻው በአንድ አጻጻፍ ቢይዙ ደስ ይለኛል።

ኤች-ኢንዴክስን ብቻውን ማመን

ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መለኪያ ነው። ኤች-ኢንዴክስህ 10 ነው ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች አሉህ ማለት ነው። በጽሑፉ ላይ ምን እንደሠራህ ግን አይናገርም። የዓለም አቀፉን የበሽታዎች ጫና ጥናት ተመልከቱ። የካንሰር ጽሑፎቹን ጨምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች ይሳተፉበታል፤ ከእነሱም ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ትልቅ ሥራ ነው፣ መሳተፉም የሚያኮራ ነው። ግን እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ሲበዙ ኤች-ኢንዴክስን ሽቅብ ይሰዱታል። መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ ወርዳ መጠይቅ ያስሞላች፣ ዳታውን ራሷ ያጸዳች ተመራማሪ ደግሞ በቁጥር ከኋላ ትቀራለች። ስለዚህ አንደኛ ደራሲ፣ የመጨረሻ ደራሲና የደብዳቤ ተጠሪ (ስለ ጽሑፉ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ደራሲ) የሆኑባቸውን ጽሑፎች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የጆርናሉን ዝና ለጽሑፉ መስጠት

ኢምፓክት ፋክተር የአንድ ጆርናል ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሲኤ የሚባለው የካንሰር ጆርናል ኢምፓክት ፋክተሩ ከ200 በላይ ነው። ለዚህ ዋናው ምክንያት የካንሰር ስታቲስቲክስ የሚባለው ዓመታዊ ዘገባ የሚወጣው እዚያ መሆኑ ነው። ስለ ካንሰር የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ይጠቅሰዋል። ሌላው ጽሑፍ ግን የዚያን ያህል አይጠቀስም። ገንዘብ ተቀብለው ያለ ባለሙያ ግምገማ የሚያትሙትን ጆርናሎች ደግሞ ከቆጠራው ማውጣት ነው፤ ክርክር አያስፈልገውም።

ቶሎ መፍረድ

ፔይተን ራውስ የዶሮ ዕጢ በቫይረስ እንደሚተላለፍ የጻፈው በ1911 እ.ኤ.አ. ነው። ኖቤል ያገኘው በ1966። ዴኒስ በርኪት ካምፓላ ውስጥ በልጆች መንጋጋ ላይ ያየውን ዕጢ በ1958 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በ1961 ለንደን ላይ ስለዚሁ ሲናገር ተመራማሪው አንቶኒ ኤፕስታይን ሰማው። በ1964 ከዚሁ ዕጢ ዛሬ ኤፕስታይን-ባር የምንለው ቫይረስ ተገኘ። በርኪት ቀዶ ሐኪም ነበር፤ ሥራው የተነሣው አልጋ ላይ ካያቸው ልጆች ነው።

የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በአሴቲክ አሲድ ሊሠራ ይችላል፤ ይህም ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። የሰሜን ሸዋ ሴቶች ይህን ምርመራ ለምን እንደማያደርጉ ያጠና ጽሑፍ አገር ውስጥ ጆርናል ላይ ቢወጣ ሳይቴሽኑ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ግን የጤና ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ውስጥ ገብቷል? ሸዋ ሮቢት ያሉ ባለሙያዎች ሠልጥነውበታል? እነዚህንም ጠይቁ።

የተሰረዘ ጽሑፍን መቁጠር

ቱመር ባዮሎጂ የተባለ የካንሰር ጆርናል ላይ የወጡ 107 ጽሑፎች ግምገማቸው የሐሰት ሆኖ በመገኘቱ በ2017 እ.ኤ.አ. በአንድ ጊዜ ተሰርዘዋል። ጽሑፍ ከተሰረዘ በኋላም ሳይቴሽኑ መጨመሩን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ የጽሑፉን ገጽ ከፍታችሁ የስረዛ ማስታወቂያ መኖሩን፣ ካለም ምክንያቱን አንብቡ። ደራሲው ራሱ ስህተቱን ደርሶበት ያሰረዘው ከሆነ በእሱ ላይ አትቁጠሩበት። እኔ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ተመራማሪ ቀሪ ሥራዎች በበለጠ እምነት ነው የማነባቸው።