ከሱሉልታ ተነስቶ ስኪ ለሚሄድ፦ መጀመሪያ ቁልቁለት ተለማመዱ

ስኪ፣ ማለትም እግር ላይ ረጅም ቀጭን ሰሌዳ አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ልሄድ ነው ስል ሰፈር ውስጥ ያልሳቀብኝ የለም፣ ግን እውነቱን ለመናገር እኛ ሱሉልታ ያደግን ሰዎች ለዚህ ነገር አንሰንም። ትንፋሽ አለን። ሰፈራችን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ እኔ የሄድኩባት አልፕባህ የምትባል የኦስትሪያ መንደር ግን 1,000 ሜትር እንኳን አትሞላም፣ ተራራው ጫፍ ሲደረስ ራሱ 2,000 ገደማ ነው። የጎደለን ቁልቁለት የሚችል ጭን ነው።

ስለዚህ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ሰው ሁሉ እንጦጦን ሊወጣ ነው የሚሮጠው፣ እናንተ በታክሲ ወጥታችሁ ከእንጦጦ ማርያም እስከ ሽሮ ሜዳ በእግር ውረዱ፣ በሳምንት ሶስቴ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች እዩዋቸው፣ ጉልበታቸው ሁሌ ትንሽ እጥፍ ያለ ነው፣ ወደፊት ጎንበስ ብለው አጭር አጭር ይራመዳሉ፣ ወደኋላ የሚለጠጥ የለም ምክንያቱም ወደኋላ ያለ ይንሸራተታል። አስተማሪው ሳምንቱን ሙሉ የጮኸብኝ ይሄንኑ ነበር፦ ጉልበትህን እጠፍ፣ ቅልጥምህ የጫማውን ምላስ ይግፋ። ፍርሃት ሲይዛችሁ ሰውነት በራሱ ወደኋላ ይሸሻል፣ ያኔ ነው ስኪው ይዟችሁ የሚሄደው።

ጊዜውን ስትመርጡ ከጥምቀት ማግስት ነነዌ ሳይገባ ያለችውን ክፍተት ያዙ። ገናና የፈረንጅ አዲስ ዓመት ያልፋል፣ የካቲት ላይ ደግሞ የነሱ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ዋጋው ይሰቀላል፣ እኛም ዐቢይ ጾም ይገባብናል፣ ምግባቸው ደሞ አይብ በአይብ ነው። ዘግይቶ ሄዶ ሰሃን ላይ ከማፍጠጥ ያድናችኋል።

ቪዛው ቶሎ ይጀመር። ከ2024 ሚያዝያ በኋላ ለኢትዮጵያውያን ሼንገን (ኦስትሪያን ጨምሮ የብዙ የአውሮፓ ሀገራት የጋራ ቪዛ) እስከ 45 ቀን ነው የሚፈጀው፣ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ስኪን አይጨምርም፣ ከተራራ ላይ በሄሊኮፕተር መነሳት እንደሚሸፍን ጠይቃችሁ በጽሁፍ ያዙ። በረራው እስከ ቪየና ቀጥታ አለ፣ ከዛ በባቡር ብሪክስሌግ ወርዳችሁ በአውቶብስ መንደሩ ድረስ ነው።

ለምን ትልቁን ሪዞርት ተውክ የሚል ካለ፣ ጀማሪ ለጭፈራና ለስም ለምን ይከፍላል? አልፕባህ ከ1953 ጀምሮ ቤት በባህላዊው የእንጨት አሠራር ብቻ እንዲሠራ ደንብ አላት፣ ማታ ሁሉም ነገር ጭጭ ይላል፣ በረት አጠገብ ስታልፉ የከብት ሽታው የሱሉልታ ነው። እሁድ ግን ብዙው ሱቅ ዝግ ነው፣ ቅዳሜ ያልገዛ ይራባል።

ልብስ ላይ ብዙ ብር አታፍስሱ። ሳልቫጅ በደንብ ከተፈተሸ ውሃ የማያስገባ ጃኬት ይገኛል። ጂንስና የጥጥ ካናቴራ ግን እርሱት፣ ላብ ይይዛል፣ ከቆማችሁ በኋላ የሚገድላችሁ ብርዱ ሳይሆን ያ እርጥበት ነው። ካልሲ አንድ ቀጭን ብቻ፣ ሁለት ከደረባችሁ እግር ተጨንቆ ደም አይዘዋወርም፣ ይበልጥ ይበርዳችኋል። ስኪ፣ ጫማና ሄልሜት እዛው ተከራዩ። ጥቁር ነኝ ብላችሁ ሰንስክሪን እንዳትተዉ፣ በረዶው ፀሐዩን መልሶ ፊታችሁ ላይ ይተፋዋል።

አስተማሪ ለሶስት ቀን ያዙ፣ ጓደኛ ያስተምረኛል የሚባል ነገር አይሠራም። መጀመሪያ የስኪውን ጫፍ አቀራርቦ ተረከዙን ከፈት እያደረጉ ፍሬን መያዝ ነው። ሰማያዊ ምልክት ያለው መንገድ ቀላል፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ደግሞ ለናንተ አይደለም። እኛ ሀገር ከኋላ ጡሩምባ የነፋ ያልፋል፣ እዛ ግን ከፊት ያለው ነው ቅድሚያ ያለው፣ ከኋላ የሚመጣው ነው ተጠንቅቆ የሚዞረው። ደሞ ቂጥ ስር ገብቶ ወደላይ የሚጎትት ዱላ ነገር አለ፣ እሱ ላይ እንዳትቀመጡ፣ ይገፋችኋል እንጂ ወንበር አይደለም፣ እኔ ተቀምጬበት በጀርባዬ ተዘርግቼ ከኋላ የነበሩ ሁለት ህጻናት ዞረውኝ አለፉ።

አራተኛው ቀን ላይ ጭናችሁ እምቢ ካለ አገር አቋራጭ ስኪ ሞክሩ። ጠፍጣፋ ላይ ነው፣ ርካሽም ነው፣ ትንፋሻችን እዚህ ጋ ነው የሚታየው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው በዚሁ ነው፣ 15 ኪሎ ሜትር፣ 83ኛ ወጣ። በረዶ ከሌለበት ሀገር ለመጣ ሰው እኔ በበኩሌ ቀላል አልለውም።

ማረፊያ ስትይዙ ማዕድ ቤት ያለው ይሁን። ሽሮና በርበሬ ያዙ፣ ቅቤና ቋንጣ ግን ቤት ይቅሩ፣ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ይወስዱባችኋል። ቤቱ እንጨት ስለሆነ ከሰልና ዕጣን አይታሰብም፣ ጭስ ጠቋሚው ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። የሸክላ ጀበናም ብረት ዕቃ ብቻ የሚያሞቀው ኢንዳክሽን ምድጃ ላይ አይሞቅም፣ ቡናውን በብረት ድስት አፍልታችሁ ጀበናው ውስጥ ገልብጡትና አስመስሉ።