የድረ ገጽ መተግበሪያ ከሰርቨር ከተነሳ በኋላ የያዘውን ማህደረ ትውስታ እንዴት ማስለቀቅ ይቻላል?

ደብረ ማርቆስ ላይ ከምንጠብቃቸው ሰርቨሮች በአንዱ፣ በቶምካት (የጃቫ ድረ ገጽ መተግበሪያዎችን በሚያሠራ ሶፍትዌር) የሚሠሩ ሁለት መተግበሪያዎችን ሰርቨሩን ሳናቆም አንስተን ነበር፤ ፋይሎቹ ከዲስኩ ቢጠፉም ማህደረ ትውስታው እንደተያዘ ቀረ። ጥፋቱ የሰርቨሩ ሳይሆን የራሳችን ኮድ መሆኑን እስክንረዳ ቀናት ፈጅቶብናል።

ቶምካት ለእያንዳንዱ መተግበሪያ የራሱን ክላስ ሎደር (ክላሶቹን፣ ማለትም የኮዱን ክፍሎች፣ የሚጭን አካል) ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ጃቫ 8 ጀምሮ የክላሶቹ መረጃ ሜታስፔስ በሚባል ክፍል ይቀመጣል፤ የሚለቀቀውም ክላስ ሎደሩን የያዘ አንድም ነገር በማይኖርበት ጊዜ ነው። ቀንበሩ ያልተፈታለት በሬ ማሳው ታርሶ ቢያልቅም ወደ ቤቱ እንደማይገባ ሁሉ፣ አንድ ያልቆመ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሄድ የሥራ መስመር) መላውን መተግበሪያ አስሮ ያቆያል።

በመጀመሪያ፣ መተግበሪያውን ከማንሳትዎ በፊት የሂፑን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚፈጥራቸው እቃዎች የሚቀመጡበትን ክፍል፣ እና የሜታስፔሱን መጠን ይመዝግቡ። ጃቫ ነጻ ያደረገውን ሁሉ ወዲያው ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስለማይመልስ፣ ሲስተሙ በሚያሳየው ቁጥር ብቻ አይፍረዱ። ከዚያ መተግበሪያውን በቶምካት ማኔጀር ገጽ ያንሱትና በዚያው ገጽ ላይ የማህደረ ትውስታ መፍሰስን (ሳይለቀቅ መቅረቱን) የሚፈትሸውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ቁልፉ ሙሉ ጋርቤጅ ኮሌክሽን (የማያስፈልጉ እቃዎችን ከማህደረ ትውስታ የማጽዳት ሥራ) ስለሚያስነሳ ተጠቃሚ በሚበዛበት ሰዓት አይነካም። ያነሱት መተግበሪያ ስም ከወጣ አሁንም የያዘው ነገር አለ ማለት ነው።

የያዘውን ለማወቅ የሂፕ ዳምፕ (የሂፑን ይዘት የሚይዝ ፋይል) ይውሰዱ። ይህ ሰርቨሩን ለጥቂት ጊዜ ያቆመዋል፣ ፋይሉም ትልቅ ስለሚሆን የዲስክ ቦታ አስቀድመው ያረጋግጡ። በኤክሊፕስ ሜሞሪ አናላይዘር ከፍተው የተነሳውን መተግበሪያ ክላስ ሎደር ይፈልጉ፤ ደካማ ማጣቀሻዎችን (እቃው እንዳይለቀቅ የማያግዱትን) አውጥተው ወደ ጂሲ ሩት (ጋርቤጅ ኮሌክሽን ወደማይነካው መነሻ ነጥብ) የሚያደርሰውን መንገድ ይከተሉ። እኛ ጋ መንገዱ መጨረሻ ላይ የተገኘው ማንም ያላስታወሰው ታይመር ነበር። ሌላ ጊዜ ያልተሰረዘ የጄዲቢሲ ድራይቨር (ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኝ ኮድ) ወይም ትሬድ ሎካል (እያንዳንዱ ትሬድ ለብቻው የሚይዘው ማስቀመጫ) ውስጥ የቀረ እቃ ሊሆን ይችላል።

ማስተካከያው በኮዱ ውስጥ ነው፦ መተግበሪያው ሲዘጋ በሚጠራው የሰርቭሌት ኮንቴክስት ሊስነር ታይመሮቹንና የትሬድ ፑሎቹን (ሥራ የሚጠብቁ የትሬዶች ስብስቦችን) ያቁሙ፣ መተግበሪያው ራሱ ያስመዘገባቸውን ድራይቨሮች ይሰርዙ። ትሬድ ሎካሉ ግን ሥራው እንዳለቀ እዚያው በተሠራበት ትሬድ መጽዳት አለበት። ከዚያ መተግበሪያውን ደጋግመው ይጫኑና ያንሱ፤ ሜታስፔሱ ከጋርቤጅ ኮሌክሽን በኋላ ወደ መዘገቡት ቁጥር አካባቢ ካልተመለሰ ሌላ የያዘው ነገር አለ።

ቀድሞ የፈሰሰውን በተግባር የሚያስለቅቀው ሰርቨሩን ዳግም ማስነሳት ነው፤ እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አደረግነው። ለሜታስፔስ ጣሪያ መወሰን መፍሰሱን አያቆመውም፣ ችግሩ ቶሎ እንዲታይ ብቻ ያደርጋል።