የምድጃን ኦምና ዋት ከቮልትና ከአምፒር እንዴት እናሰላለን?

ድሬዳዋ ላይ ሲመሽ ቬንትሌተሩም ምጣዱም ፍሪጁም አንድ ላይ ይሠራሉ። ኃይሉ ሲደክም ውኃ አልፈላ ይላል። ያኔ ብዙ ሰው ምድጃውን ይወቅሳል። ጥፋቱ የምድጃው ይሁን የመስመሩ በሁለት ቀላል ስሌት ይለያል።

ቮልትን ለአምፒር (ለሚያልፈው ከረንት መጠን) ስናካፍል ኦም፣ ማለትም ዕቃው ከረንቱን የሚቋቋምበትን መጠን እናገኛለን። ቮልትን በአምፒር ስናባዛ ደግሞ ዋት፣ ማለትም ኃይሉን። ቁጥሩ በሚሊአምፒር ከሆነ አስቀድማችሁ ለ1000 አካፍሉት፤ 250 ሚሊአምፒር 0.25 አምፒር ነው።

ቮልቱን መለካት ቀላል ነው። ቴስተሩን (ቮልት፣ አምፒርና ኦም የሚለካውን መሣሪያ) ኤሲ ቮልት ላይ፣ ከ220 በላይ ባለው መጠን አድርጉና ሶኬቱን ለኩ። የገመዶቹን ፕላስቲክ ብቻ ያዙ።

ጣጣው አምፒሩ ላይ ነው። በተራ ቴስተር አምፒር የሚለካው ከረንቱ በራሱ በቴስተሩ ውስጥ ሲያልፍ ነው፤ ማለትም ሽቦ ተቆርጦ መሃል ይገባል። ቀዩን ገመድ 10 አምፒር የሚለው ቀዳዳ ላይ ሰክቶ ሶኬት ውስጥ መክተት ግን ሾርት ማድረግ ነው። ከቀናችሁ ፊውዙ ብቻ ይቃጠላል፤ ርካሹ ቴስተር እዚያ ቀዳዳ ላይ ፊውዝ የሌለው ከሆነ እጃችሁም ይተርፋል አልልም። ስለዚህ ለቤት ዕቃ ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦ ሳይቆረጥ በመንጋጋው አቅፎ አምፒር የሚለካው መሣሪያ ይሻላል። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ዕቃ ስትገዙ ከሁለት ርካሽ ቴስተር አንድ ደህና ክላምፕ ውሰዱ።

ክላምፑም ዘዴ አለው። መንጋጋው የሚይዘው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ሙሉውን ገመድ ካስገባችሁ ሄዶ የሚመለሰው ከረንት እርስ በርሱ ይጣፋና ዜሮ ያሳያችኋል። የውጭ ሽፋኑ ተገፎ ሁለቱ ሽቦዎች የተለያዩበት አጭር ማራዘሚያ ኤሌክትሪሺያን ያዘጋጅላችሁ። የየሽቦው ፕላስቲክ ግን አይነካ።

አሁን እናስላ። ምድጃው በ220 ቮልት 5 አምፒር ሳበ እንበል። 220 ለ5 ሲካፈል 44 ኦም፤ 220 በ5 ሲባዛ 1100 ዋት።

ማታ ቮልቱ 180 ቢወርድስ? ብዙዎች 180ን በዚያው በ5 አባዝተው 900 ዋት ይላሉ። ስህተት ነው። ብዙም የማይለወጠው ኦሙ እንጂ አምፒሩ አይደለም። 180 ለ44 ሲካፈል 4.1 አምፒር ገደማ ነው፤ ኃይሉ 736 ዋት አካባቢ ይሆናል። ቮልቱ 18 በመቶ ሲቀንስ ሙቀቱ በሲሶ ተቆረጠ ማለት ነው።

ዳግመኛ ስትለኩ ኦሙ ያው 44 አካባቢ ከሆነ ምድጃው ደህና ነው፤ ችግሩ መስመሩ ነው። ቀጥታ በኦም መለካትም ይቻላል፤ ግን ሶኬቱን ንቀሉ፣ ምድጃው ይቀዝቅዝ። ማብሪያው በርቶም ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው የሆነ ቦታ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

ቬንትሌተርና ፍሪጅ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም። ሞተር ስላላቸው ቮልት በአምፒር ሲባዛ ከእውነተኛው ዋት ይበልጣል፤ በቴስተር የሚነበበው ኦምም ሲሠሩ የሚስቡትን አይነግርም። ለእነሱ ጀርባቸው ላይ የተለጠፈውን ዋት ተጠቀሙ።