በዓይን የሚሠራው መጻፊያ ሲስት፦ ካሊብሬሽኑን ከመድገማችሁ በፊት

ይህ መናገርና እጁን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው ስክሪን ላይ ያለውን ፊደል በዓይኑ እያየ የሚጽፍበት መሣሪያ ነው፤ ካሊብሬሽን ማለት ደግሞ መሣሪያውን ከተጠቃሚው ዓይን ጋር ማስተካከል ነው። ገመዱን አይታችኋል፣ አጥፍታችሁም አብርታችኋል ብዬ ልለፍ።

ምልክት፦ ጠቋሚው ከሚታየው ፊደል ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ያርፋል፣ ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ጠዋት ደህና ነበር።

ምክንያት፦ ዘወትር የምጠራበት ይኸው ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። መሣሪያው ኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ዓይን ይልካል፤ ካሜራው ደግሞ ብሌኑንና በዓይን ላይ ያረፈውን ነጸብራቅ አይቶ አቅጣጫውን ያሰላል። ለዚህም ፊትና ስክሪን ትይዩ ሆነው በ60 ሳንቲሜትር ገደማ መራራቅ አለባቸው። ትራስ ሲቀየር ወይም ተጠቃሚው ሲገላበጥ ይህ ይፈርሳል።

አንድ ቤት ስደርስ ልጅየው ካሊብሬሽኑን ለዘጠነኛ ጊዜ እያስጀመረ ነበር። አባትየው ተንጋለዋል፤ ስክሪኑ ግን እንደ ቢሮ ኮምፒውተር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ካሜራው የሚያየው የአፍንጫቸውን ቀዳዳ ነው! ስክሪኑን ወደ ፊታቸው አዘንብዬ የድሮውን ካሊብሬሽን መለስኩ። እሳቸውም ቀስ ብለው ጻፉ፦ «ትራሱ ነው።» ከጠዋት ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ የሚናገሩበት መሣሪያ ግን የተበላሸው ራሱ ነው። ስለዚህ የፊደል ሰሌዳ በወረቀት አትማችሁ አልጋው አጠገብ አኑሩ፤ መሣሪያውን ከመንካታችሁ በፊትም ተጠቃሚውን ጠይቁ።

መፍትሄ፦ ሰውየውን ወደ ስክሪኑ አትጎትቱ፤ ስክሪኑን ወደ ሰውየው አምጡ። የዓይን ምስል የሚያሳየውን መስኮት ከፍታችሁ ሁለቱም ዓይኖች መሀል ላይ እስኪታዩ ድረስ አስተካክሉ። ከዚያ በድሮው ካሊብሬሽን ሞክሩ። አሁንም ከሳተ ብቻ አዲስ ሥሩ፤ በሌላ ስም አስቀምጡት እንጂ ደህናውን አትደምስሱ። የደከመ ዓይን የሰጠው ካሊብሬሽን ነገም ያስታችኋል።

ስክሪኑን የሚሸከመው ክንድ ርካሽ ፕላስቲክ ከሆነ በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ትክክለኛውን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ካለፈው ሁሉ በላይ ግን ይህን አድምጡ፦ ብሎኑ የላላ ክንድ እጁን ማንሳት በማይችል ሰው ፊት ላይ ይወድቃል። ብሎኑን በየቀኑ አጥብቁ። ክንዱን በጨርቅ አስራችሁ አትተዉት። ልጆችም አይንጠልጠሉበት።

ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚስት ከሆነ፣ የፀሐይ ብርሃንም ኢንፍራሬድ ስላለው መጋረጃውን ዝጉ።

መነጽር ካለ አጽዱት። የቅርብና የሩቅ ማያ የተጣመረበት ሌንስ መስመሩ ብሌኑን ሊከፍለው ይችላል።

አንዱ የዓይን ቆብ ከተንጠለጠለ በአንድ ዓይን ብቻ እንዲከታተል አድርጉት።

ያልተፈለገ ፊደል የሚመረጥ ከሆነ ዓይን ፊደሉ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ በጥቂቱ ጨምሩ።

በዓይን ሳይሆን አንድ ቁልፍ እየተጫኑ የሚጽፉ ሰዎች መሣሪያ አንዳንዴ እየሠራ አንዳንዴ እምቢ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ የቁልፉ ገመድ ከ3.5 ሚሊ ሜትሩ መሰኪያ አንገት ላይ ውስጥ ውስጡን ተበጥሶ ነው። ፕላስተር መጠቅለል ጥገና አይደለም፤ ቀይሩት።